መልክአ ውዲቱ አዋላጂት

ልዑል ፈጣሪ ዓይንን የሰማዩን ርቀትና የምድሩን ስፋት እንድትመረምር አድርጎ ከግንባር በታች ሲያኖራት፣ ከሁሉ ይልቅ የሚቀርባትን የገዛ ባለቤቷን ገጽ ግን እንዳታይ ከለከላት፤ ስለዚህም መኰንንም ሆነ ገባር፣ ሊቅም ሆነ ደቂቅ፣ የራሱን መልክ የሚያውቀው ከሌላው ሰው አስተያየት ተቀብሎ ነው። አስተዋይ አንባቢ ሆይ፣ የኵሬ ውኃም መስታወትም መልክን ያሳያሉ፤ ነገር ግን ባለመልኩ ዞር ሲል እነርሱም አብረው ይረሱታል። ፎቶግራፍ የተባለው የዘመናችን ጥበብ ግን ያየውን አይረሳም፣ የያዘውንም አይለቅም፤ አባት ከሞተ በኋላ ለልጅ፣ ልጅም ካረጀ በኋላ ለልጅ ልጅ ይናገራል። እንግዲህ የዚህ ጥበብ ባለቤት የሆነ ሰው፣ የጎረቤቱን ገጽ ተቀብሎ ለሚመጣው ትውልድ የሚያስረክብ ባለአደራ ነውና፣ እጁ የሠለጠነ ብቻ ሳይሆን ልቡም የተገራ ይሆን ዘንድ ይገባዋል። የሚከተለው ታሪክ ይህንን ነገር ዘግይቶ የተማረ፣ ተምሮም ሐሤት ያደረገ የአንድ ሰው ታሪክ ነው።

በደብረ ማርቆስ ከተማ፣ ከገበያው ቍልቍል በሚወስደው ኮረኮንች መንገድ ዳር፣ ፊቱ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ባለቆርቆሮ ቤት ነበረ፤ ከበሩም በላይ «ጓንጉል ፎቶ ቤት» የሚል ቃል በቁም ጽሕፈት ተጽፎ ይታይ ነበር። የቤቱ ጌታ አቶ ጓንጉል፣ በልጅነቱ ቅኔ የቆጠረ፣ በጕልምስናው ዓባይን ተሻግሮ አዲስ አበባ ከአንድ አርመናዊ ባለሙያ ዘንድ አምስት ዓመት ፎቶግራፍ የተማረ፣ ቁመቱ ለግላጋ፣ ንግግሩ ቍጥብ፣ በሙያው የሚኮራ፣ ስለ ኵራቱም የሚከበር ሰው ነበረ። መድኃኒቱን እንደ ሐኪም በጠብታ ለክቶ ይቀምማል፤ ከእጁ የወጣ ፎቶግራፍ የኩታውን ጥለት ክር በክር፣ የሽማግሌውን ሪዝ ጠጕር በጠጕር ለይቶ ያሳያል። ሰውን የሚያነሣበት ሥርዓት ግን የችሎት ሥርዓት ነበረ። ባለጉዳዩን ጽጌረዳና ፏፏቴ ከተሣለበት ሸራ ፊት በበርጩማ አስቀምጦ፣ ሁለት ብርቱ መብራቶች ከፊት ለፊት ያበራበትና፣ ራሱ ከፍ ብሎ ቆሞ ጥቁሩን ጨርቅ ተከናንቦ «ቀና በል! አትንቀሳቀስ! ዓይንህን አታርገብግብ! ጥርስህን ክደን!» እያለ ያዝዛል፤ ከዚያም በኋላ እንደ ፈራጅ ድምፁን ከፍ አድርጎ እስከ ሦስት ይቈጥራል። ስለዚህም ከዚያ ቤት የሚወጣ መልክ ሁሉ፣ የሙሽራም ይሁን የአዛውንት፣ ፍርዱን ቆሞ የሚጠባበቅ ሰው መልክ ነበረ። ሕዝቡም ፎቶግራፍ ማለት ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ነገር እየመሰለው፣ «ልክ ሐውልት አስመሰለኝ» እያለ አመስግኖ ይሄድ ነበር።

የጓንጉል ባለቤት ወይዘሮ እንጉዳይ ከጓዳው ጨለማ ክፍል ውስጥ የምትሠራ፣ ፊልሙን የምታጥብ፣ ሹል እርሳስ ይዛም በፊልሙ ላይ የሰውን ፊት መጨማደድና ማዲያት እየነካካች የምትሸፍን፣ እጀ ብልኅና አንደበተ ጭምት ሴት ነበረች። ሰዎቹ በፊተኛው በር ገብተው በፊተኛው በር ይወጣሉና፣ እርስዋ በአካል አታያቸውም፤ መልካቸው ብቻ ከመድኃኒቱ ውኃ ውስጥ ቀስ እያለ ወደ እርስዋ ይመጣ ነበር። በጋብቻቸው ዘመን አንዲት ልጅ አስካለን ወልደው፣ ከእርስዋ በኋላ ግን ሁለት ጊዜ ፅንስ ጨንግፎባቸው፣ ዘጠኝ ዓመት ሌላ ልጅ ሳያዩ ቈይተዋል።

በዚያም ዘመን በከተማው ዳርቻ ላይ አዲስ ጤና ጣቢያ ተሠርቶ፣ ለኅዳር ሚካኤል ሊመረቅ ቀን ተቈርጦለት ነበረ። ግድግዳው ነጭ፣ አልጋው ብረት፣ ነርሶቹም ከሩቅ አገር የመጡ ስለ ሆኑ፣ የገጠር ሴቶች «በማላውቀው ቤት በማላውቀው እጅ ከምሞት፣ በእናቴ ቤት ማርያም ታውጣኝ» እያሉ ወደዚያ ለመሄድ እንደማይፈቅዱ አስቀድሞ ታወቀ። በዚህ ጊዜ የአገር ሽማግሎች መክረው አንድ መላ አገኙ። ወይዘሮ ውዲቱ የሚባሉ፣ ዕድሜያቸው ሰባን የተሻገረ፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ እስከ ዓባይ በረሃ አፋፍ ድረስ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ አርባ ዓመት ሙሉ ሴቶችን ያዋለዱ እመቤት በከተማው ነበሩ፤ አሁን እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለ ጀመረ ማዋለዱን ትተው፣ ምክር ብቻ ይሰጡ ነበር። ሽማግሎቹም «የእትዬ ውዲቱ መልክ በወሊዱ ክፍል ግድግዳ ላይ ቢሰቀል፣ ሴቶቹ ቤቱን የእርሳቸው ቤት አድርገው ይቀበሉታል» ብለው ፎቶግራፉን እንዲያነሣ ጓንጉልን አዘዙት። ወይዘሮ ውዲቱ በሕፃንነታቸው ምድጃ ላይ ወድቀው ስለ ነበረ፣ ከግራ ጆሮ ግንዳቸው እስከ መንጋጋቸው የወረደ የእሳት ጠባሳ አለባቸው፤ ፎቶግራፍም በዘመናቸው ተነሥተው አያውቁም። ሆኖም «ለሴቶቹ የሚበጅ ከሆነ እሺ» አሉ።

ጓንጉል እመቤቲቱን በፏፏቴውና በጽጌረዳው ሸራ ፊት አስቀመጣቸው። በቅን ልቡና፣ በአክብሮትም መንፈስ፣ ጠባሳው ያለበትን ጕንጭ ወደ ጥላው አዞረው፤ ከጥላው ያመለጠውንም ጥቂት እንጉዳይ በእርሳሷ እንድታጠፋው አዘዘ። ሥራው ሲያልቅ ፎቶግራፉ እጅግ ያማረ ሆነ፤ ቆዳው የተወለወለ፣ አንገቱ የቀና፣ ዐርባ ዓመት የማይሞላት ወይዘሮ መሰለ። በዚህም ተደስቶ፣ ምስጋና እየጠበቀ፣ በገዛ እጁ ወደ ቤታቸው ይዞት ሄደ።

ወይዘሮ ውዲቱ ወረቀቱን ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። በዚያች ሰዓት እንጨት ተሸክማ የመጣች አንዲት የባላገር ሴት ሸክሟን በደጃፉ እያወረደች ነበረ፤ ሦስት ልጆቿን ያዋለዷት እርሳቸው ነበሩና፣ ወደ እርስዋ ዞረው፣ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይህችን ሴት ታውቂያታለሽ?» ብለው ጠየቋት። ሴቲቱም እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ፎቶግራፉን በሁለት እጇ ተቀብላ፣ ጥቂት አስባ፣ «የሹም ሚስት ትሆን? እኔስ አላውቃት» ብላ መለሰች። የአሮጊቷ ፊት አልተቈጣም፤ ነገር ግን ወረቀቱን በጀርባው ገልብጠው በመደብ ላይ አኖሩት።

«ሰማህ ልጄ?» አሉት። «ሙያህን አልነቅፍም፤ ሴቲቱ ውብ ናት። ግን እኔ አይደለሁም። የገጠር ሴት ስሜን ብትረሳ እንኳ ‹ጠባሳዋን ሴትዮ ጥሩልኝ› ብላ ነው የምትልክብኝ። በኵራዝ ጭላንጭል፣ በጭንቅ ውስጥ ሆና ቀና ስትል የምታየው ይህን ጕንጭ ነው። አንተ እርሱን ወስደህ ሌላ ሰው አመጣህልኝ። ስለዚህ ነገሩ ይቅር፤ ፎቶግራፍም አልተሰቀለም ብሎ ቤቱ አይፈርስም።»

ጓንጉል እጅ ነሥቶ ወጣ። መንገዱን ሁሉ በልቡ ሲሟገት፣ «መልካቸውን ያሳመርሁ፣ ነውራቸውን የሸሸግሁ እኔ፣ በምን ተበደሉ?» እያለ፣ የሰላምታ ምላሽ እንኳ ለሰው ሳይሰጥ ቤቱ ደረሰ። ለምረቃው ዐሥር ቀን ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ነገሩም ከእርሱ ስምና ክብር የሚያልፍ መሆኑ፣ የቀረው መልክ ምናልባት አንዲትን ወላድ ከደጅ ሊመልስ መቻሉ፣ ቀስ በቀስ በቍጣው ሥር ይሰማው ጀመር።

እንጉዳይ የሆነውን ሁሉ አደመጠች። ከዚያም ከጓዳ አንድ ሣጥን አምጥታ፣ የዓመታት ፎቶግራፎችን አንድ በአንድ በጠረጴዛው ላይ ደረደረች፤ ሙሽሮችን፣ ካህናትን፣ ነጋዴዎችን፣ ወታደሮችን።

«አይቀየሙኝና፣» አለችው፣ «ከእነዚህ ውስጥ ደስ ብሎት የተቀመጠ አንድ ሰው ያሳዩኝ። እኔ ከጓዳ ሆኜ በመልካቸው ብቻ ነው የማውቃቸው፤ መልካቸውም ሁሉ የሚለኝ አንድ ነገር ነው፤ ‹መቼ ነው የሚለቁኝ?› ይለኛል።»

ጓንጉል ሊመልስ አፉን ሲከፍት፣ በመጨረሻ አንዲት ትንሽ ፎቶግራፍ ከሁሉ በላይ አኖረችለት። የልጃቸው የአስካለ ነበረች። ሣቋ ከአጥር ባሻገር የሚሰማ፣ ቤቱን ሁሉ በጨዋታዋ የምታናውጥ ያች ሕፃን፣ በዚያ ወረቀት ላይ ስኳር ስትሰርቅ እጅ ከፍንጅ የተያዘች ትመስላለች። አባት ፎቶግራፉን አንሥቶ የልጁን ፊት ተመለከተ።

«የእትዬ ውዲቱንም ጥፋት ለብቻዎ አይሸከሙት፤» አለች እንጉዳይ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «እርሳሱ በእኔ እጅ ነበረ። ጠባሳውን ሳጠፋ፣ አጠፋሁ።»

በልጅነቱ ቅኔ የቈጠረው ሰው የቃሉን ሁለት ስለት ሰምቶ፣ ኀዘኑ እንዳለ ሆኖ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ መጣበት፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮም ቍጣው ሟሸሸ።

በማግሥቱ ማለዳ ካሜራውን በቤቱ ትቶ፣ ባዶ እጁን ወደ ወይዘሮ ውዲቱ ሄደ። ይቅርታ ጠይቆ ሊመለስ ነበር፤ እርሳቸው ግን «ተቀመጥ፣ ቍርስ ቅመስ» አሉት። ተቀመጠም፤ በማግሥቱም ተመለሰ፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ፤ ሃያ ዓመት በጨርቅ ውስጥ ሆኖ ያየውን ዓለም አሁን ያለ ጨርቅ ይመለከት ጀመረ። የቤታቸው በር ወደ ሰሜን የዞረ ስለ ሆነ ፀሐይ በቀጥታ አትገባበትም፤ ነገር ግን ከትይዩ ያለው በኖራ የተለሰነ የጎረቤት ግድግዳ የኅዳርን የጠራ ፀሐይ ተቀብሎ፣ ብርታቷን አብርዶ፣ ለስላሳውን ብርሃን እንደ ታለበ ወተት ወደ ደጃፉ ያፈስሰዋል። አሮጊቷ ከመድረኩ ወደ ውስጥ አንድ ክንድ ገባ ብለው ሲቀመጡ፣ ያ ብርሃን ከጎን መጥቶ ፊታቸውን ይዳብሰዋል፤ ጠባሳውም እንደ ጕድጓድ አይጠቍርም፣ እንደ ነውርም አይሸሸግም፤ በብራና ላይ እንደ ተጻፈ መስመር ከሌላው ፊታቸው ጋር አብሮ ይነበባል። ከኋላቸው ያለው የቤቱ ጨለማ ደግሞ ምንም ጽጌረዳና ፏፏቴ ሳያሻው፣ ነጠላቸውንና ሽበታቸውን አጕልቶ ያወጣል። ጓንጉል በርጩማ ላይ ተቀምጦ ዓይኑ ከዓይናቸው ጋር ሲስተካከል፣ ይህን ያህል ዘመን ሰውን ሁሉ ከላይ ቍልቍል ያየ እንደ ነበረ ትዝ ብሎት አፈረ። በጣም ቀርቦ ሲያይ አፍንጫ እንደሚገዝፍ፣ ሁለት እርምጃ ሲርቅ ግን የፊት ሁሉ መጠን በየቦታው እንደሚያርፍ ለየ። ከሁሉም በላይ አንድ ነገር አስተዋለ፤ ነፍሰ ጡር ሴት ወደ ቤቱ በገባች ቍጥር፣ ወይዘሮ ውዲቱ አገጫቸውን ጥቂት ዝቅ፣ ዓይናቸውን ቀና አድርገው «ስንት ወርሽ ነው?» ብለው ሲጠይቁ፣ በብሌናቸው ውስጥ አንዲት የብርሃን ነጥብ ታበራለች፤ ያን ጊዜም ሰባው ዓመት፣ ጠባሳውም፣ ድካሙም ሁሉ በአንድ ላይ ርኅራኄ ይሆናል። «እኔ መቅረጽ ያለብኝ ይህቺን ጥያቄ ነው» አለ በልቡ።

በሦስተኛው ቀን ፈቃድ ለመነ። እርሳቸውም «ጠባሳዬንስ ምን ልታደርገው ነው?» ሲሉ ጠየቁት።

«እንዳለ እተወዋለሁ፣ እመቤቴ፤» አለ ጓንጉል። «አልሸሽገውም፤ ደግሞም ከርስዎ አስቀድሞ እርሱ እንዲናገር አላደርግም።»

አሮጊቷ አትኵረው አዩትና፣ «እንግዲያስ ከነመሣሪያህ ና፤ ግን እዚሁ፣ ከደጃፌ ነው» አሉት።

በአራተኛው ቀን ጓንጉል ካሜራውን፣ እንጉዳይም ሦስት እግር ያለውን መቆሚያ ተሸክማ፣ ባልና ሚስት አብረው መጡ፤ በፎቶግራፍ ሥራ ዘመኗ የሚነሣውን ሰው በአካል ለማየት ከጓዳ ስትወጣ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ጓንጉል እመቤቲቱ ከመቀመጣቸው በፊት እንጉዳይን በቦታቸው አስቀምጦ፣ የመሣሪያውን ከፍታ ከዓይን ጋር አስተካክሎ፣ ርቀቱን መጥኖ፣ ሥራውን ሁሉ አስቀድሞ ጨረሰ፤ ባለጉዳዩን እያስጠበቁ ብሎን ማዞር ድፍረትን እንደሚያቀዘቅዝ አሁን ገብቶታልና። ከዚያም እርሳቸውን አስቀምጦ፣ ከጥቁሩ ጨርቅ ወጥቶ፣ በረጅም ሽቦ ከካሜራው ጋር የተያያዘውን፣ ሲጫኑት ፎቶግራፍ የሚያነሣውን መጫኛ በአውራ ጣቱ ይዞ፣ ከካሜራው ጎን ዝቅ ብሎ ተቀመጠ። ወይዘሮ ውዲቱ ግን የመስታወቱን ዓይን ባዩ ጊዜ ከንፈራቸው ተቈለፈ፣ ትከሻቸውም እንደ ቀንበር ወጣ። ጓንጉል አንድ ጊዜ ተጭኖ፣ እየሣቀ፣ «ይኸኛው የፍርሃታችን ፎቶግራፍ ነው፤ አስቀድመን እርሱን እንሸኘው» አላቸው። አሮጊቷም ሣቁ፤ ትከሻቸውም ወረደ። ስለ በቅሏቸው ጠየቃቸው፤ በክረምት ወንዝ ሞልቶ ሳለ በጅራቷ ተንጠልጥለው እንዴት እንደ ተሻገሩ አወሩለት። ሁለት ጊዜ ደግሞ ተጫነ፤ መልካም ነበረ፣ ግን እርሱ የጠበቀው ገና አልመጣም።

በዚህ መካከል እንጉዳይ ነጠላዋን ልታስተካክል በደጃፉ አጠገብ ቀና አለች። ወይዘሮ ውዲቱ ነገራቸውን አቋርጠው ወደ እርስዋ ተመለከቱ፤ አገጫቸው ዝቅ፣ ዓይናቸው ቀና አለ፤ የብርሃኗም ነጥብ በብሌናቸው መጣች፤ «አንቺ ልጅ፣ ስንት ወርሽ ነው?» አሉ።

የጓንጉል አውራ ጣት ከአእምሮው ቀድሞ ተጫነ። መጫኛው ቀጭ ካለ በኋላ ነው ቃሉ ጆሮው የገባው፤ ወደ ሚስቱም ዞሮ፣ እንደ ሐውልት ደርቆ ቀረ። እንጉዳይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ «ሦስተኛ ወሬን ይዣለሁ፤» አለች፣ «እንደ ፊተኞቹ ቢሆንብኝ፣ ዳግመኛ ተስፋ አድርገው እንዳያዝኑ ፈርቼ ነው የሸሸግሁዎ።» ጓንጉል ሽቦውን ጥሎ ሄዶ በእግሯ አጠገብ በመሬቱ ላይ ተቀመጠ። ወይዘሮ ውዲቱ ግን እንደ ልማዳቸው ልብሷን ገለጥ አድርገው ሆዷን ዳሰሱ፣ ሸክም እንዳታነሣ ገሠጿት፣ የካሜራውን እግር ስላሸከማትም ባልዋን ተቈጡ፤ በመጨረሻም «ማርያም በሽልም ታውጣሽ» ብለው መረቋት።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ባልና ሚስቱ በጨለማው ክፍል ቀይ መብራት ሥር ጎን ለጎን ቆመው ወረቀቱን በመድኃኒቱ ውኃ ውስጥ ሲያናውጡ፣ የወይዘሮ ውዲቱ መልክ ቀስ በቀስ ወጣ፤ አስቀድሞ ዓይናቸው፣ ከዚያም ሽበታቸው፣ ከዚያም ያ ከጆሮ ግንዳቸው የወረደው መስመር። እንጉዳይ እንደ ልማድ እጇን ወደ እርሳሷ ሰደደች፤ ጓንጉል ግን ሳይናገር እጇን ያዘው፤ በዚያ ፊት ላይ የሚታረም ነገር አልነበረምና። በማግሥቱ ፎቶግራፉን ሲያቀርቡላቸው፣ አሮጊቷ አሁንም ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው አዩትና፣ ጥርሳቸው እስኪታይ ሣቁ። «ይህችንስ አውቃታለሁ፤ እንቅልፍ ነሥታኝ የኖረች ሴት ናት» አሉ።

ጤና ጣቢያው በቀኑ ተመረቀ፤ የወሊዱ ክፍል በር ሲከፈት ፊት ለፊት የሚታየው ያ መልክ ሆነ። ከበዓሉ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከበረሃው አፋፍ አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጡ፤ እርስዋም «መልሱኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» እያለች የተሸካሚዎቹን ልብስ ይዛ ስትጮኽ፣ በክፍሉ ደፍ ላይ ቀና አለችና ድንገት ዝም አለች። «እትዬ ውዲቱ እዚህ ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ነርሷም ብልኅ ነበረችና፣ «እንዴታ! መምጣትሽን እየጠበቁ ነው» አለቻት፤ ሴቲቱም የያዘችውን ልብስ ለቀቀች። ማታው ሳይደርስ እልልታ ተሰማ። ከዚያ ወዲያ ብዙዎች መጡ፤ ሲገቡም እጃቸውን ዘርግተው ያን ጕንጭ መሳም ልማድ አደረጉት፤ ጽዳት የምትሠራው ሴት ጠዋት ጠዋት የፎቶግራፉን መስታወት፣ ከሌላው ስፍራ ይልቅ በጠባሳው ጕንጭ በኩል፣ ደጋግማ ትወለውል ነበር።

ጓንጉልም ፏፏቴውንና ጽጌረዳውን ጠቅልሎ በቈጥ ላይ ሰቀለ፤ በሰሜኑ ግድግዳም ሰፊ መስኮት አስከፈተ፤ እንጉዳይም ከጓዳ ወጥታ እንግዶችን እየተቀበለች የምታጫውት ሆነች። አንዳንድ ሰዎች «ጓንጉል ድሮ ሥራ ያውቅ ነበር፤ ዛሬ ግን ወሬ አበዛ» እያሉ አሙት፤ ነገር ግን ፎቶግራፋቸውን ተቀብለው ሲወጡ፣ ደጃፉን አልፈው ከመንገዱ መሐል ቆመው፣ የገዛ መልካቸውን እየተመለከቱ ለብቻቸው ፈገግ ሲሉ ይታዩ ነበር። በግንቦት ወር እንጉዳይ በዚያው ክፍል በሰላም ተገላገለች፤ ወይዘሮ ውዲቱ እጃቸው ቢንቀጠቀጥም ከአልጋዋ ራስጌ ተቀምጠው፣ ለነርሷ አንድም ነገር ሳይተዉ አዘዙ። ጓንጉል ደጅ ቆሞ ሲጠባበቅ፣ የሕፃኑን ድምፅ በሰማ ጊዜ፣ ሰዎች «ካሜራህስ?» ብለው ጠየቁት፤ እርሱም «ዛሬ በዓይኔ ልይ» ብሎ ገባ፤ ብርሃንን ማዘዝ የሠለጠነ እጅ ሁሉ ይችለዋልና፣ መልክን የሚወልድ ግን ሰውን ያከበረ እጅ ብቻ ነው።